ሮበርት ፊትዝሮይ፦ የማዕበልን መምጣት አስቀድመው ለባሕርተኞች ያስታወቁ መኮንን

ከማታው ዜና ቀጥሎ የነገው የአየር ጠባይ ምን ሊመስል እንደሚችል መስማት ዛሬ የተለመደ ነገር ነው። አብራሪው፣ መርከበኛው፣ ገበሬውና መንገደኛው ትንበያውን ሰምተው እንደየሥራቸው ይዘጋጃሉ። ይህ አገልግሎት ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገና ያልነበረ፣ ሐሳቡ በተነሣ ጊዜም በሕግ አውጪዎች ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር ሳቅን የቀሰቀሰ ጉዳይ ነበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አማካይነት ዕለታዊ የአየር ጠባይ ትንበያን አደራጅተው በጋዜጣ ለሕዝብ በማቅረብ ቀዳሚ የሆኑት እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሮበርት ፊትዝሮይ ናቸው። መኮንኑ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት ቻርለስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችው የቢግል መርከብ አዛዥ በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ በሕይወታቸው የመጨረሻ አሥር ዓመታት በአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ላይ ሆነው ያከናወኑት ተግባር ከባሕር ጉዟቸው የማይተናነስ ፋይዳ ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡ ያስፈልጋል።

ፊትዝሮይ ሐምሌ 5 ቀን 1805 በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ አውራጃ፣ አምፕተን በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ጄኔራል ሎርድ ቻርለስ ፊትዝሮይ ሲሆኑ፣ አያታቸው የግራፍተን መስፍን ደግሞ በ1760ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። እናታቸውም የታወቁት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቪስካውንት ካስልሬይ እኅት ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ከፍተኛ ቤተሰብ ቢወለዱም ልጅነታቸው ሐዘን ያልተለየው ነበር። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳሉ እናታቸው ሞቱ። የ17 ዓመት ወጣት በነበሩበት በ1822 ደግሞ አጎታቸው ካስልሬይ በሥራ ብዛትና በአእምሮ ጭንቀት ተውጠው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ይህ አሟሟት በዘር ይወረስ ይሆን የሚለው ሥጋት ፊትዝሮይን ዕድሜ ልካቸውን ሲከተላቸው ኖሯል።

በ12 ዓመታቸው በፖርትስማውዝ ወደሚገኘው የንጉሣዊው ባሕር ኃይል ኮሌጅ ገቡ። በ1824 ለሌፍተናንትነት ማዕረግ የሚያበቃውን ፈተና ሲወስዱ ከፈተናው ሙሉ ነጥብ አገኙ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ተፈታኝ አልነበረም። ከዚህ በኋላ በልዩ ልዩ የጦር መርከቦች ላይ ካገለገሉ በኋላ በ1828 በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ የነበረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የሪር አድሚራል ሮበርት ኦትዌይ ረዳት ሆነው ተመደቡ።

በዚያው ዓመት የተፈጠረ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ የወጣቱን መኮንን ዕጣ ፈንታ ለወጠው። የደቡብ አሜሪካን ደቡባዊ ጫፍ የባሕር ጠረፍ እየቀየሰች ካርታ የማንሣት ተልዕኮ የተሰጣት የቢግል አዛዥ ካፒቴን ፕሪንግል ስቶክስ፣ ከብርዱ፣ ከማዕበሉና ከብቸኝነቱ የተነሣ ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን አጠፉ። አድሚራል ኦትዌይም የመርከቧን አመራር ገና 23 ዓመታቸው ለነበረው ለፊትዝሮይ ሰጡ።

አዲሱ አዛዥ ሥራቸውን በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከባድ ፈተና ገጠማቸው። በጥር ወር 1829 ማልዶናዶ በተባለው የኡራጓይ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ቢግልን ድንገተኛ አውሎ ነፋስ መታት። መርከቧ በጎኗ ተጋድማ ለጥቂት ከመስጠም ስትተርፍ ሁለት መርከበኞች ግን ባሕር ውስጥ ወድቀው ሞቱ። ከማዕበሉ በፊት በባሮሜትሩ ላይ የአየር ግፊቱ በጣም ዝቅ ብሎ እንደነበርና ለዚህ ምልክት ተገቢው ትኩረት እንዳልተሰጠው ፊትዝሮይ በኋላ ተገነዘቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሮሜትርን መከታተል በእርሳቸው መርከብ ላይ የማይታለፍ ደንብ ሆነ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ያከናወኑት ታላቅ ተግባር መነሻው ይህ የሁለት ሰዎች ሞት እንደሆነ መናገር ይቻላል።

በ1830 ቲዬራ ዴል ፉዌጎ በተባለው የደሴቶች ምድር የአካባቢው ነዋሪዎች ከቢግል ጀልባዎች አንዷን ወሰዱ። ፊትዝሮይ ጀልባዋን ለማስመለስ መያዣ ይሆኑ ዘንድ ጥቂት ሰዎችን ቢይዙም ሙከራው አልሰመረም። በመጨረሻም አራት የአገሩን ተወላጆች ይዘው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ዓላማቸው እንግሊዝኛ ቋንቋን፣ የክርስትና ሃይማኖትንና የእጅ ሥራን አስተምረው ወደ አገራቸው ለመመለስ ነበር። ከአራቱ አንዱ እንግሊዝ እንደደረሰ በፈንጣጣ ሞተ። መርከበኞቹ ጄሚ በተን፣ ዮርክ ሚንስተርና ፉዊጂያ ባስኬት የሚል ስም ያወጡላቸው ሦስቱ በለንደን አቅራቢያ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1831ም ንጉሥ ዊልያም 4ኛና ንግሥት አዴሌድ ዘንድ ቀርበዋል።

ሰዎችን ከአገራቸው አንሥቶ መውሰድ ዛሬ በማንኛውም ሚዛን ተቀባይነት የሌለው ድርጊት ነው። ፊትዝሮይ ግን ሦስቱን ሰዎች ወደ ምድራቸው የመመለስ ግዴታ እንዳለባቸው አልዘነጉም። መንግሥት ለሌላ ጉዞ ዳተኛ በሆነበት ወቅት በራሳቸው ወጪ መርከብ ተከራይተው ሊመልሷቸው ተዘጋጅተው ነበር። በመጨረሻ ቢግል ለሁለተኛ ጊዜ እንድትጓዝ ተፈቀደ።

ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጁ የፊትዝሮይ ጭንቀት የመርከቧ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። በዚያን ዘመን የባሕር ኃይል ሥርዓት አዛዡ ከበታቾቹ ጋር በነፃነት ሊጨዋወት አይችልም፤ ምግቡንም ለብቻው ነው የሚበላው። የስቶክስና የአጎታቸው አሟሟት ከአእምሯቸው ያልጠፋው ፊትዝሮይ በብቸኝነት እንዳይጎዱ የተማረ የጉዞ ጓደኛ ፈለጉ። የባሕር ኃይሉ የካርታ ክፍል ኃላፊ ፍራንሲስ ቦፎርት ባደረጉት ማፈላለግ የ22 ዓመቱ ቻርለስ ዳርዊን ተገኙ።

ቢግል ታኅሣሥ 27 ቀን 1831 ከፕሊማውዝ ተነሣች። በዕቅድ የታሰበው ጉዞ ከአምስት ዓመት ጥቂት የሚያንስ ጊዜ ወሰደ። መርከቧ የደቡብ አሜሪካን ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ጠረፎች ቀይሳ በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ በታሂቲ፣ በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞራ ጥቅምት 2 ቀን 1836 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። የኬንትሮስን ልክ በትክክል ለማወቅ ከሚያገለግሉት ሰዓቶች መካከል ቢግል 22 ይዛ ነበር፤ ከእነዚህም 6ቱ የፊትዝሮይ የግል ንብረት ነበሩ። የነፋስን ኃይል በደረጃ ለመመዝገብ ቦፎርት የነደፉት መለኪያ በይፋ ሥራ ላይ የዋለውም በዚሁ ጉዞ ነው። ከጉዞው የተገኙት የባሕር ካርታዎች ጥራታቸው የተመሰከረለት በመሆኑ ለብዙ አሥርት ዓመታት መርከበኞችን አገልግለዋል።

ዳርዊንና ፊትዝሮይ በአንድ ጠባብ ክፍል ለዓመታት አብረው ሲመገቡ መከባበርም አለመግባባትም ነበራቸው። ብራዚል በደረሱ ጊዜ በባሪያ ሥርዓት ላይ የተነሣው ክርክር ከባዱ ነበር። ዳርዊን ሥርዓቱን አምርረው ሲያወግዙ ፊትዝሮይ ጌቶቻቸው ፊት የተጠየቁ ባሮች ነፃ መውጣት እንደማይሹ መናገራቸውን እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ዳርዊን በጌታው ፊት የሚቆም ባሪያ የሚሰጠው መልስ ምን ዋጋ አለው ብለው በመጠየቃቸው ፊትዝሮይ በቁጣ ገንፍለው ጓደኛቸውን ከማዕዳቸው አባረሩ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ይቅርታ ጠይቀው ዳርዊንን መለሷቸው። ፈጥኖ መቆጣትና ፈጥኖ መጸጸት የመኮንኑ ጠባይ እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ይስማሙበታል።

ሦስቱን ተወላጆች ወደ አገራቸው የመመለሱ ጉዳይ በጥር ወር 1833 ተፈጸመ። አብሯቸው የሄደው ወጣት ሚስዮናዊ ግን ንብረቱ በመዘረፉና ሕይወቱም ለአደጋ በመጋለጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ መርከቧ ተመለሰ። ቢግል በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወደ ሥፍራው ስትደርስ ጄሚ በተን ወደ ቀድሞ አኗኗሩ ተመልሶ ተገኘ፤ ወደ እንግሊዝ ለመሄድም ፈቃደኛ አልሆነም። ፊትዝሮይ ብዙ የደከሙበት ዕቅድ በዚሁ አከተመ።

የቅየሳውን ሥራ በአንዲት መርከብ ብቻ በተወሰነው ጊዜ መጨረስ አዳጋች ሆኖ ስላገኙት ፊትዝሮይ ከአለቆቻቸው ፈቃድ ሳያገኙ በ1833 ከግል ገንዘባቸው 1 ሺህ 300 ፓውንድ ገደማ አውጥተው ሁለተኛ የሸራ መርከብ ገዙ። መንግሥት ኋላ ይተካልኛል ብለው ተስፋ ቢያደርጉም የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ወጪውን ለመሸፈን እንደማይፈልግ አስታወቀ። መርከቧን ለመሸጥና የቀጠሯቸውን ሠራተኞች ለማሰናበት ተገደዱ። በድካም ላይ ይህ በመጨመሩ በ1834 መጨረሻ ቫልፓራይሶ ወደብ ላይ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተይዘው አመራሩን ለምክትላቸው አስረከቡ። ሆኖም የሥራ ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ማግባባት ሐሳባቸውን ለውጠው ጉዞውን ቀጠሉ።

በየካቲት ወር 1835 የቺሊን ከተማ ኮንሴፕሲዮንን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ፊትዝሮይ በአቅራቢያው ያለች ደሴት ዳርቻ እስከ 3 ሜትር ገደማ ከፍ ማለቱን ለክተው መዘገቡ። ይህ ልኬት የምድር ገጽ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚለወጥ ለሚከራከሩት የሥነ ምድር ሊቃውንት ጠቃሚ ማስረጃ ሆኗል። በዚያው ዓመት ቻሌንጀር የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቺሊ ጠረፍ በተሰበረች ጊዜም ወደ ሥፍራው በመገሥገሥ ባሕርተኞቹ እንዲተርፉ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ሜሪ ሄንሪታ ኦብራየን የተባሉ ሴት አገቡ። በ1837 ከንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። የጉዞው ታሪክ በ1839 ሲታተም ሁለተኛው ቅጽ የእርሳቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ የዳርዊን ነበር። በ1841 የደራም ከተማ ተወካይ ሆነው ወደ ታችኛው ምክር ቤት ገቡ። በምክር ቤት ቆይታቸውም የንግድ መርከብ አዛዦችና ረዳቶቻቸው ብቃታቸው በፈተና እንዲረጋገጥ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ረቂቁ በወቅቱ ባይጸድቅም ሐሳቡ ከዓመታት በኋላ በ1850 በወጣው የንግድ መርከቦች ሕግ ተግባራዊ ሆኗል።

በ1843 የኒውዚላንድ ሁለተኛው ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ክብር ያለው ቢመስልም የተረከቡት አስተዳደር ካዝናው ባዶ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ውዝፍ፣ የጸጥታ ኃይሉም እጅግ አነስተኛ ነበር። ከመድረሳቸው ጥቂት ወራት በፊት ዋይራው በተባለ ሸለቆ በመሬት ይገባኛል ሳቢያ በሰፋሪዎችና በማኦሪ ተወላጆች መካከል በተነሣ ግጭት 22 እንግሊዛውያን ተገድለው ነበር። ሰፋሪዎቹ የማኦሪ አለቃ ቴ ራውፓራሃ እንዲቀጣላቸው አጥብቀው ጠየቁ።

አዲሱ ገዥ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ሰምተው ከመረመሩ በኋላ በየካቲት ወር 1844 በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ማኦሪዎች በተሰበሰቡበት ውሳኔያቸውን አስታወቁ። ውሳኔውም ባለቤትነቱ ገና ያልተረጋገጠን መሬት በኃይል ለመቀየስ በመሞከር ጥፋቱን የጀመሩት ሰፋሪዎቹ በመሆናቸው የበቀል እርምጃ እንደማይወሰድ የሚገልጽ ነበር። የእጃቸውን የሰጡ ሰዎች መገደላቸውንም በጽኑ ነቀፉ። ውሳኔው በሰፋሪዎችና በለንደን ባሉ ደጋፊዎቻቸው ዘንድ የማይበርድ ጥላቻ አተረፈላቸው።

የገንዘብ ችግሩን ለማቃለል ከተሰጣቸው መመሪያ ውጪ የዕዳ ሰነዶችን እንደ ገንዘብ አሠራጩ፤ ቀረጥን አንሥተው የንብረት ግብር ከጣሉ በኋላም ገቢው ስላሽቆለቆለ ቀረጡን መልሰው ጣሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ ሆኔ ሄኬ የተባሉ የማኦሪ አለቃ የእንግሊዝን ሥልጣን በመቃወም በኮሮራሬካ የተተከለውን የባንዲራ ምሰሶ ደጋግመው ቆረጡ። በመጋቢት ወር 1845 ከተማዋ ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ጦርነትም ተጀመረ። የለንደን መንግሥት በዚያው ዓመት ፊትዝሮይን ከሥልጣን አነሣ። ተተኪያቸው ጆርጅ ግሬይ ለፊትዝሮይ የተነፈገው ገንዘብና ወታደር ተሰጣቸው።

ከኒውዚላንድ ከተመለሱ በኋላ በዉሊች የመርከብ ግንባታ ጣቢያ ኃላፊ፣ ቀጥሎም በእንፋሎት ኃይል የምትንቀሳቀስ አዲስ የጦር መርከብ አዛዥ ሆነው ሠሩ። ይሁን እንጂ በጤና ጉድለትና በገንዘብ ችግር ምክንያት በ1850 ከባሕር አገልግሎት ለቀቁ። በ1851 ዳርዊንን ጨምሮ የታወቁ ሊቃውንት በሰጡት ድጋፍ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ። በማግስቱ ዓመት ግን ባለቤታቸው አራት ልጆች ትተው በሞት ተለዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ አግብተዋል።

በዚህ ወቅት በዓለም አቀፍ ደረጃ አዲስ እንቅስቃሴ ተጀምሮ ነበር። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ማቲው ሞሪ ባቀረቡት ጥሪ መሠረት በ1853 በብራሰልስ የተካሄደው ጉባኤ መርከቦች የነፋስንና የአየር ጠባይን ሁኔታ ወጥ በሆነ ቅጽ እንዲመዘግቡ ወሰነ። የእንግሊዝ መንግሥትም በ1854 በንግድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር አንድ የሜትሮሎጂ ክፍል አቋቁሞ ፊትዝሮይን በኃላፊነት ሾመ። የተሰጧቸው ሠራተኞች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ተግባራቸውም ከመርከቦች የሚመጣውን መረጃ ሰብስቦ በአኃዝ ማጠናቀር ነበር። ስለሚመጣው የአየር ጠባይ የመናገር ሥልጣን አልተሰጣቸውም። በዚያው ዓመት የምክር ቤት አባሉ ጆን ቦል ሳይንስ እያደገ ሲሄድ የለንደንን የአየር ጠባይ ከ24 ሰዓት በፊት ማወቅ ይቻል ይሆናል ብለው በተናገሩ ጊዜ ምክር ቤቱ በሳቅ ተናውጦ ነበር።

ፊትዝሮይ መሣሪያዎችን አስመርምረው ለመርከብ አዛዦች በውሰት ሰጡ፤ የሚመለሰውንም መዝገብ አደራጁ። ከዚህ አልፈው ለድሃ ዓሣ አጥማጆች ማሰብ ጀመሩ። ዋጋው አነስተኛ፣ አጠቃቀሙም ቀላል የሆነ ባሮሜትር በየዓሣ አጥማጆች መንደር ወደብ ላይ እንዲተከል አደረጉ። ባሕርተኛው ከመውጣቱ በፊት መሣሪያውን ተመልክቶ እንዲወስን የሚረዳ ግልጽ መመሪያም አዘጋጁ። በማልዶናዶ የተገነዘቡትን ትምህርት ለሌላው ለማካፈል የወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ነበር።

ከጥቅምት 25 ቀን 1859 ጀምሮ የእንግሊዝን ጠረፎች የመታው ማዕበል ሥራቸውን ወደ አዲስ ምዕራፍ አሸጋገረው። ከአውስትራሊያ ወርቅና መንገደኞች ጭና ወደ ሊቨርፑል ትጓዝ የነበረችው ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ ጉዞዋን ልታጠናቅቅ ጥቂት ሲቀራት በአንግልሲ ደሴት ዳርቻ ከዓለት ጋር ተላትማ ተሰበረች። ከ450 በላይ እንደሚሆኑ ከተገመቱት መንገደኞችና ሠራተኞች የተረፉት 40 ያህል ብቻ ናቸው። በዚያ ማዕበል በአጠቃላይ 133 መርከቦች ሲሰጥሙ 800 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ፊትዝሮይ ከልዩ ልዩ ሥፍራዎች የተገኙትን የአየር ግፊት፣ የነፋስና የሙቀት መረጃዎች ሰብስበው በየሰዓቱ የነበረውን ሁኔታ በካርታ ላይ አሳዩ። ከዚህም ማዕበሉ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ የሚጓዝ ግዙፍ የአየር ሽክርክሪት መሆኑን አረጋገጡ። የማዕበሉ ጉዞ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ዜናው በቴሌግራፍ ሽቦ ከማዕበሉ ቀድሞ ወደቦችን ሊያደርስ እንደሚችል ተረዱ። ሐሳባቸውን ለበላይ አካል አቅርበው ፈቃድ አገኙ።

በዚህ መሠረት 15 የሚሆኑ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች በየማለዳው የባሮሜትርን፣ የሙቀትንና የነፋስን ልኬት ወደ ለንደን በቴሌግራፍ መላክ ጀመሩ። አደጋ የሚያሰጋ ሲሆን ከለንደን ወደሚመለከታቸው ወደቦች ማስጠንቀቂያ ይላካል። በወደቡ ባለው ረጅም ምሰሶ ላይም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይሰቀላል። ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ሾጣጣ ምልክት ከሰሜን፣ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ደግሞ ከደቡብ የሚነሣ ኃይለኛ ነፋስን ያመለክታል። ከበሮ መሰሉ ምልክት አቅጣጫቸውን እየለወጡ የሚፈራረቁ ነፋሳትን ያሳያል። ሌሊት በምልክቶቹ ምትክ ፋኖሶች ይሰቀላሉ። ማንበብ የማይችል ዓሣ አጥማጅ እንኳ ትርጉሙን በቀላሉ ይረዳ ነበር። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በየካቲት ወር 1861 ተላለፈ።

ነሐሴ 1 ቀን 1861 ደግሞ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከለትን የአየር ጠባይ ትንበያ አትሞ አወጣ። ፊትዝሮይ ለዚህ ተግባር የተጠቀሙበትን ቃል የመረጡት በጥንቃቄ ነበር። ትንቢት የሚል ትርጉም ያላቸውን ቃላት ትተው፣ በተገኘ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ግምት መሆኑን የሚያመለክት ቃል ወሰዱ። በአማርኛም ትንቢትና ትንበያ ከአንድ ሥር የወጡ ቢሆኑም የሚሰጡት ትርጉም የተለያየ መሆኑ ይታወቃል። ሕዝቡ ግን ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አላስተዋለም። ትንበያው ሲሳካ ያመሰገነው ሰው ሲሳሳት ይሳለቅ ጀመር።

ተቃውሞው ከብዙ አቅጣጫ መጣ። ትንበያውን ያተሙ ጋዜጦች ራሳቸው ስሕተቱን እየነቀሱ ነቀፉ። የምክር ቤት አባላት የቴሌግራፉ ወጪ በዛ አሉ። ሊቃውንቱ ደግሞ የአየር ጠባይ የሚመራበት ሕግ በሚገባ ሳይታወቅ መተንበይ የሳይንስን ክብር ይነካል ሲሉ ተከራከሩ። የትንበያው ዘዴ ገና ያልዳበረ መሆኑ እውነት ነው። ፊትዝሮይም ይህን አልካዱም። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ እስኪሟላ ድረስ መጠበቅ ማለት በእያንዳንዱ ክረምት የሚሞቱትን ባሕርተኞች ዝም ብሎ ማየት እንደሆነ ያምኑ ነበር። ይህን አቋማቸውንና አሠራራቸውን በ1863 ባወጡት መጽሐፍ በሰፊው አብራርተዋል።

የግል ሕይወታቸውም ሰላም አልነበረውም። በዚያው መሥሪያ ቤት ለአንድ ከፍተኛ የባሕር ጉዳይ ኃላፊነት አመልክተው ሳለ ቦታው በቢግል ላይ የበታቻቸው ለነበሩት ለባርቶሎሚው ሰሊቫን ተሰጠ። ዳርዊን በ1859 ያወጡት የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍም ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙትን ፊትዝሮይን እጅግ አሳዘናቸው። በሰኔ ወር 1860 በኦክስፎርድ በዚሁ መጽሐፍ ላይ ክርክር ሲካሄድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው በመነሣት ተሰብሳቢው ከሰው ይልቅ እግዚአብሔርን እንዲያምን ቢማጸኑም ሰሚ አላገኙም። ለዚያ መጽሐፍ መነሻ የሆነውን ጉዞ የመሩት እርሳቸው መሆናቸው በሕሊናቸው ላይ ሸክም ሆኖባቸዋል።

በ1863 የቫይስ አድሚራልነት ማዕረግ ቢያገኙም ጤናቸው እየደከመ፣ የመስማት ችሎታቸው እየቀነሰ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸውም እየበረታ ሄደ። በሐኪሞች ምክር ከለንደን መሐል ወጣ ብላ ወደምትገኘው ኖርዉድ ቢዛወሩም ከሥራቸው መራቅ አልቻሉም። ሚያዝያ 30 ቀን 1865፣ እሑድ ማለዳ፣ የልጅነት ሥጋታቸው ደርሶ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 59 ዓመት ነበር።

ከሞታቸው በኋላ የቤተሰባቸው ሁኔታ ሲመረመር ከወላጆቻቸው የወረሱትን ሀብት ለሕዝብ ሥራ አውለው ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ምንም እንዳልተረፈ ታወቀ። ወዳጆቻቸው ባዋጡት ገንዘብ 3 ሺህ ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። በእምነትና በሳይንስ ጉዳይ ከእርሳቸው የተለያዩት ዳርዊን 100 ፓውንድ ሰጡ። ንግሥት ቪክቶሪያም ለባለቤታቸው በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት መኖሪያ ፈቀዱላቸው።

የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንዲመረምር በፍራንሲስ ጎልተን ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ በ1866 ሪፖርቱን አቀረበ። ኮሚቴው ዕለታዊው ትንበያ በቂ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በመግለጹ ሥራው ተቋረጠ። የማዕበል ማስጠንቀቂያውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ። በየወደቡ ምልክቱ መሰቀሉ በቀረ ጊዜ ግን የመርከብ ባለቤቶች፣ የወደብ ኃላፊዎችና ባሕርተኞች አገልግሎቱ እንዲመለስላቸው አቤቱታ አቀረቡ። ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ፤ ጥቅሙን በሕይወታቸው የመዘኑትም እነርሱ ነበሩ። በዚህ የተነሣ የማዕበል ማስጠንቀቂያው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ተጀመረ። በጋዜጣ የሚወጣው ትንበያም በ1879 ተመለሰ።

ፊትዝሮይ በሦስት ረዳቶች የጀመሩት ክፍል ዛሬ የብሪታንያ ብሔራዊ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሆኗል። መሥሪያ ቤቱ በ2003 ወደ ኤክሰተር ከተማ ሲዛወር ዋና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኝበት መንገድ በስማቸው ተሰይሟል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ ለመርከቦች በራዲዮ በሚተላለፈው ትንበያ ውስጥ ፊኒስቴር ይባል የነበረው የባሕር ክልል ፊትዝሮይ ተብሏል። ከትንበያው የባሕር ክልሎች መካከል በሰው ስም የተጠራው ይህ ብቻ ነው። በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር የሚገኘው ከፍተኛ ተራራም በስማቸው ይጠራል።

ሮበርት ፊትዝሮይ እንከን የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ፤ በባሪያ ሥርዓትና በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ሰዎች ላይ የነበራቸው አመለካከትም ከዘመናቸው ወሰን ያልወጣ ነበር። በኃላፊነታቸው ግን ለታዘዙት ብቻ ተወስነው አልተቀመጡም። የተሰጣቸው መመሪያ ያለፈውን እንዲቆጥሩ ብቻ ሲያዝዝ፣ በእጃቸው ያለው አኃዝ ነገ የሚመጣውን አደጋ ሊያመለክት እንደሚችል በተረዱ ጊዜ ለነቀፋ ተጋልጠውም ቢሆን ለሚመለከተው ሰው አስታወቁ። በስተመጨረሻ ሥራቸው እንዲቀጥል ያስፈረደላቸው ከሊቃውንትና ከምክር ቤት ይልቅ አገልግሎቱን ያገኘው ባሕርተኛ መሆኑም ለሕዝብ አገልጋይ ሁሉ ትርጉም የሚሰጥ ነው።